ስለ ሦስት ዲስኮችና ስለ ወንድሜ መንጋጋ

ለተከበሩ የገበያ ማዕከላችን አስተዳደር ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ሙሉ ጤና እመኝልዎታለሁ፤ በተለይ ለመንጋጋዎና ለጣቶችዎ፣ ሰው እነዚህን እስኪያጣ ድረስ ዋጋቸውን አያውቅምና። እኔ ምድር ቤት ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን የምሸጥ፣ ያየሁትንም ከነሰዓቱ በደብተሬ የምይዝ ነጋዴ ነኝ። ቅሬታዎቼን ከዜሮ ጀምሬ ቆጥሬአለሁ፤ ምክንያቱን ቁጥር ሁለት ላይ ሲደርሱ ያገኙታል።

ዜሮ፦ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሰባት ደቂቃ ላይ፣ ልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድሜ ጠረጴዛውን ከመስመሩ አንድ ስንዝር አውጥቶ በመገኘቱ፣ ሦስት የጥበቃ ሠራተኞችዎ ደንቡን በዱላ አስረድተውታል። ደንቡ ረጅም ስለሆነ ማስረዳቱ አራት ደቂቃ ፈጅቷል። መንጋጋው ሁለት ቦታ ተሰብሯል፤ መቀስ የሚይዝበትን ቀኝ እጁን ደግሞ እኛ «በሬው» የምንለው የጥበቃ አዛዥዎ ከሱቁ የብረት መዝጊያ ሥር አስገብቶ መዝጊያውን ረግጦበታል። ዛሬ ወንድሜ ሾርባ በቀጭን ቱቦ ይጠጣል፤ ሁለቱ ሴት ልጆቹም የሚለውን ለመስማት ጆሯቸውን አፉ ላይ ይለጥፋሉ። ለፍርድ ቤት በጻፉት ደብዳቤ ከደረጃ ወድቆ እንደሆነ፣ እርስዎም በዚያ ሰዓት ስብሰባ ላይ እንደነበሩ ስለገለጹልን እናመሰግናለን፤ ዱላ ይዞ የሚጠብቅ ደረጃ ከዚህ በፊት አጋጥሞን አያውቅም።

አንድ፦ ሠራተኞችዎ ወዲያው የጥበቃ ካሜራዎቹ ምስል ወደሚቀመጥበት ክፍል ወጥተው የምስል መቅጃ ሳጥኑንም ደበደቡት። የፊት መብራቶቹ ረገፉ፤ በውስጡ ምስሉን ተከፋፍለው ከያዙት አራት ዲስኮች ግን የቆሰለው አንዱ ብቻ ነበር። አራቱ እንደ መልካም ወንድማማቾች ናቸው፤ አንዱ ቢወድቅ ሦስቱ የጎደለውን ይሞላሉ፣ ሁለት ከወደቁ ግን ቤቱ ይፈርሳል።

ሁለት፦ በቀጣዩ ሰኞ በአምስት ሰዓት፣ ለቆሰለው ዲስክ ምትክ ከሱቄ አስገዙ። ለላኩት ሠራተኛ፣ ይህ ሳጥን ከዜሮ ስለሚቆጥር «ዲስክ ሁለት ተበላሽቷል» ሲል ሦስተኛውን ማለቱ እንደሆነ ነግሬው፣ መንገሬንም በደብተሬ ጽፌአለሁ። እርስዎ ግን ከታች የመጣ ምክር መስማት ለሥልጣን ስለማይመጥን፣ ከአንድ ጀምረው ቆጠሩና ጤነኛውን ነቀሉ። ማስረጃው ከእሱ ጋር የሚያልቅ መስሎዎት፣ በሬው በመዶሻ እንዲያደቅቀው አዘዙ። በሽተኛውን አልጋው ላይ ትተው አስታማሚውን ገደሉት ማለት ነው። ሳጥኑ ጭራሽ መሥራት አቆመ፤ እርስዎም «ምስሉ በቴክኒክ ብልሽት ጠፍቷል» ብለው ለፍርድ ቤቱ ጻፉ።

አሁን ወደ ምስጋናዬ ልለፍ። ሐሙስ ዕለት ሳጥኑን ከቀሩት ሦስት የቀድሞ ዲስኮች ጋር «አሮጌ ብረት» ብለው በጨረታ ስለሸጡልኝ፣ ደረሰኙንም በራስዎ እጅ ስለፈረሙልኝ ውለታዎን አልረሳም። ዲስክ የሚጠግነው ባልንጀራዬ፣ በዲስኮቹ ላይ ካለው አንዲት ነገር ሳይቀይር፣ የቆሰለውን ዲስክ ለዘጠኝ ቀን እንደ አራስ እያባበለ ያለውን ሁሉ ወደ ሌላ ቀዳው። ዲስኩ የተመታው ወንድሜ ከተደበደበ በኋላ ነውና ከዚያ በፊት የሆነውን ሁሉ ይዞ ነበር። ከሁለቱ ጤነኞች ጋር ሲገጥም፣ መዶሻው ያደቀቀው ድርሻ በሦስቱ ተሞላ፣ ማክሰኞም ከነደቂቃዋ ተመለሰች። አሥራ ዘጠኝ ምት ቆጥሬአለሁ። እርስዎም ስብሰባዎን ካሜራው ሥር ቆመው፣ ከበሬው ጋር ሲያካሂዱ በግልጽ ይታያሉ። ቅጂው ሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ ስለዚህ ሱቄን ለማቃጠል አስበው ከሆነ፣ ቤንዚኑ እንዳይባክንብዎ ብዬ በአክብሮት አሳስባለሁ።

የፊታችን ሰኞ ችሎት ላይ እጅ እስክነሳዎ ድረስ፣

በአስተዳደርዎ ጥበቃ ሥር እስካሁን ጥርሱ ያልረገፈው፣
ያገለገሉ ኮምፒውተሮች ነጋዴ፣ የልብስ ሰፊው ታላቅ ወንድም

ማሳሰቢያ፦ ምስሉ ድምፅ የለውም፤ ይህ እንዳያሳስብዎት። የወንድሜ ደንበኛ የሆነች፣ መስማት የተሳናቸውን ልጆች የምታስተምር ሴት ከንፈር ታነባለች። ወንድሜ መሬት ላይ ሳለ እርስዎ ለበሬው ያሉትን ከምስሉ አይታ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «ይህን ለዳኛው ብቻ ነው የምሰጠው» ብላ ውኃ ጠየቀችኝ። ምን እንዳሉ እኔ እስከ ሰኞ አላውቅም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል።