የአባባ አውራ ጣት

እማማ እሺ አለች! የአባባ ሳህኖች እሳት ሊገቡ ነው! ሰላምታ ሳላስቀድም ዘው ማለቴን ይቅር በለኝ ወንድሜ ሴይጎ፤ ደስታው አላስቀምጥ ብሎኝ ነው። ለመሆኑ እንዴት ከርመሃል? ወገብህ ተሻለህ? የሆካይዶ ብርድስ እንዴት ይዟችኋል? እኛ ደህና ነን፤ የእማማ ጉልበት ብቻ ደረጃ አላስወጣ ብሏታል።

አባባ በእቶን ሳይተኩሷቸው ስለሞቱ፣ ሠላሳ አንድ ጎድጓዳ ሳህኖቻቸው ይኸው ዓመት ከመንፈቅ መደርደሪያ ላይ ናቸው። መንደሩ እቶኑን ባነደደ ቁጥር ጎረቤቶች ቢለምኗት፣ «አንዴ የእሱን አስከሬን ለእሳት ሰጥቻለሁ፤ ደግሜ አልሰጥም» ትላለች። ሸክላ ሲተኮስ እንደሚያንስ ታውቃለህ። ሳህኖቹ ሥር የአባባ አውራ ጣት የተወው ስርጉድ አለ፤ እሱ እንዳይጠብባት ነው የፈራችው። በየማለዳው ከዳር ያለችውን ሳህን አንሥታ ጣቷን እዚያ ታሳርፋለች። እኔም አይቼ እንዳላየሁ ወደ ጓዳ እገባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከሺሞኖሴኪ አንዲት ዓሣ ሻጭ መጣች። ጠርዙ የተሸረፈ ሳህን ከጨርቅ አውጥታ፣ «እማማ፣ የዚህን እኅት ፈልጉልኝ። ሃያ ስምንት ዓመት በልቼበታለሁ፤ ከባሌ ይልቅ እሱ ታግሦኛል» አለች። ሣቅን። እዚህ ሳህን ላይ ስም አይጻፍም፤ እማማ ግን ገልብጣ ሥሩን ስትዳስስ ሣቋ ቆመ። የአባባ ነበር። ስርጉዱ ጠብቧል፤ ግን አለ፣ የእሷ ጣት ግጥም አለበት። ሄዳ ያቺን ጥሬ ሳህን አመጣችና ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው። ወንድሜ፣ የጥሬዋ ስርጉድ በዳሰሳ ብዛት ልሙጥ ሆኗል። «እሳቱ አይደለም፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት» አለች። ወንዝ ዳር በውሃ ኃይል የሸክላ አፈር የሚወቅጠው ሙቀጫ ይሰማ ነበር።

ከዚያ «ሠላሳውን አስገቡ» አለችን። ልሙጧን ግን ዳግም ጭቃ ሆና እንድትሠራ በእጇ ፈረካክሳ አፈር መዘፍዘፊያው ውስጥ ጨመረቻት። እኔም ይኸው ደስ ብሎኝ አለቅሳለሁ።

ለአባባ ሽኝት አልደረስክም፤ አልወቅስህም። ለዚህ ግን አትቅርብኝ። ሚስትህን ሃቱኤን እቀፍልኝ፤ ትንሿን ሚዮን ሳምልኝ። ባለቤቴ ቴፔይ እንጨት እየፈለጠ ሰላም ይልሃል። እማማ ደግሞ «ለሱ የሚሆነውን መርጫለሁ፤ መጥቶ ጣቱን ያሳርፍበት» ብላለች። ዓሣ ሻጯም ዓሣ ይዤ እመጣለሁ ብላለች። እቶኑ ተከፍቶ አዲሱን ሩዝ በአባባ ሳህኖች የምንበላው እሑድ ኖቬምበር 9 ነው፤ ማንም እንዳይቀር።

እኅትህ ሺዙኤ
ኦንታ መንደር፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1986