አንድ መስመር ወርዶ እኔ ላይ ስላረፈው የባለቤቴ ሞት

ለተከበሩ አቶ ዘነበ ወልደ ሐዋርያት
የቀበሌያችን የቤቶች ጉዳይ ኃላፊ
የካ፣ አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ባለቤትዎና ልጆችዎም፣ ጠረጴዛዎ ላይ በዳንቴል ተሸፍኖ የተቀመጠው ኮምፒዩተርዎም በደህና እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም፣ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነኝ እንዳልል በቀበሌው ማኅተም የሞትኩ ስለሆንኩ፣ ከመንግሥት ጋር ላለመጋጨት ስል ስለ ጤንነቴ ምንም ሳልናገር ማለፉን መርጫለሁ።

ጫልቱ ነገሳ እባላለሁ። ያውቁኛል፤ በላምበረት መናኸሪያ በር ለመንገደኛ ሻይና ዳቦ የምሸጠው ነኝ። ትምህርቴ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈምና የቃላት ግድፈት ቢያገኙብኝ የሙት ጽሑፍ ነው ብለው ይለፉኝ። ባለቤቴ ኢቲቻ፣ የከባድ መኪና መካኒክ የነበረው፣ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ከእንጦጦ ጋራ ሥር ስንቀብረው እርስዎም ቆመው ነበር፤ አፈርም በእጅዎ ጨምረዋል። ለዚያ ውለታዎ ያኔ በቅጡ አላመሰገንኩዎትምና ዛሬ አመሰግናለሁ።

አሁን ሰፈራችን ለመንገድ ሊነሣ ነው። ቀርቦ ለፈረመ ቤተሰብ በአያት ኮንዶሚኒየም ምትክ ቤት ይሰጠዋል፤ እስከ ሰኞ ያልፈረመ ግን ሜዳ ላይ ይቀራል። የቀበሌ ቤታችን ውል በኢቲቻ ስም ስለሆነ፣ ለእኔና ለልጄ ለጵርስቅላ እንዲዛወርልን ብዬ ቢሮዎ መጣሁ። ከዚያ በኋላ የደረሰብኝን በቁጥር አስቀምጬዋለሁ፤ እርስዎ ቁጥር የሌለው አቤቱታ እንደማያነቡ ስለማውቅ ነው።

አንደኛ፤ ስለ አዲሱ የነዋሪዎች ፕሮግራም ልባዊ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ድሮ መዝገቡን አይጥ ነበር የሚበላው፤ አሁን ማውስ ሆኗል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው ሠንጠረዥ በግራ በኩል የሰው ስም አለው፣ በቀኝ በኩል ደግሞ «በሕይወት ያለ» ወይም «የሞተ» ይላል። የስሙ ዓምድ ወደ ጎን እንዳይንቀሳቀስ ተቸንክሯል አሉኝ። ጸሐፊዎ ማውሱን ሲያሽከረክሩት ሁሉም አብሮ መውረድ ሲገባው፣ የቀኙ ወገን ከስሞቹ አንድ መስመር ዝቅ ብሎ ይቆማል። ከእኛ በላይ የተመዘገበው ጎረቤታችን ጠሀ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ በሕይወት ያለ ሰው ነው፤ የእሱ ሕይወት ወርዶ ለኢቲቻ ሆነ። የኢቲቻ ሞት ደግሞ ወርዶ እኔ ላይ አረፈ። የእኔ ሕይወት ለጵርስቅላ ደረሳት፤ እሱስ ድሮም የእሷው ነው፣ አልከፋኝም።

እርስዎም በዚያችው ሰዓት በስክሪኑ ላይ የሚታየውን እንዳለ አሳትመው፣ ፈርመውና ማኅተም መትተው በቀበሌው በር ላይ ለጠፉት። በእኛ አገር ወግ አባወራ ቀድሞ ይመዘገባል፣ ሚስት ከሥሩ ትከተላለች። እናም ክቡርነትዎ፣ በአንድ ማኅተም የቀበሌውን መበለቶች ሁሉ ገድለው ባሎቻችንን ከመቃብር አስነሡልን። እንዲህ ያለ ሥራ ነቢያትም በአንድ ቀን አልሠሩትም።

ሁለተኛ፤ የእድራችን ጥሩምባ ነፊ ከበበ ማንበብ የሚችል ሰው ነው፤ ጥፋቱም ይኸው ነው። በማግስቱ ማለዳ ጥሩምባው ሲነፋ ሰማሁና እንደ ደንቡ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ «ማን ይሆን ደግሞ፣ ነፍስ ይማር» እያልኩ ወጣሁ። ጥጉ ላይ ስደርስ «የኢቲቻ ባለቤት ጫልቱ ስላረፈች…» ሲል ጆሮዬ ሰማ። እውነቴን ነው የምልዎት፣ ለአንድ አፍታ አመንኩት። ከበበ ዞር ሲል አየኝና ጥሩምባውን ጣለው። «አንቺ ሴትዮ፣ ቀበሌ ሞታለች ብሎ ለጥፏል እኮ!» ብሎ ተቆጣኝ፤ እንደዋሸሁት ሰው። «ታዲያ ቀበሌን ከምታምን በሬን ብታንኳኳ ምን ነበረበት?» ስለው፣ «የሞተ ሰው በር ይንኳኳል እንዴ?» አለኝ። ድንኳኑ ቀድሞ ተተክሎ ስለነበር ባዶውን ዋለ፤ ነፋስ ገብቶ ሲያርገበግበው የምመለከተው እኔ ነበርኩ። ከዚያ ወዲህ ደንበኞቼ ሻዩን ከእጄ አይቀበሉም፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው ይሉኛል።

ሦስተኛ፤ ችግሩን ለመፍታት ስላሳዩት ትጋት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጀመሪያ ስክሪኑን በእርጥብ ጨርቅ አስወለወሉት። እኔ እንደሞትኩ ቀረሁ፣ ግን ጠርቼ ታየሁ። ቀጥሎ ስክሪኑን በሌላ አስለወጡት፤ አዲሱ ሰፊ ስለነበር ከእኔ በታች ያሉት ሙታንም አብረው ታዩ። ከዚያ የመብራት ፈረቃው ነው ተባለ። በመጨረሻ ፕሮግራሙን የሠራው ባለሙያ አቶ ሚልኬሳ ተጠሩ። እሳቸው በስክሪኑ ላይ የፕሮግራሙን መስኮት ዘግተው መልሰው ሲከፍቱት ሁሉም በየቦታው ገባ፤ ኢቲቻ ሞተ፣ እኔ ተነሣሁ። ማውሱን ሲያሽከረክሩት ደግሞ እኔ ሞትኩ፣ እሱ ተነሣ። «አዩ እማማ፣ ውስጥ ያለው ፋይል ጤነኛ ነው፤ የሚታየው ሥዕል ብቻ ነው እንደገና ያልተሣለው» እያሉ ደጋግመው አሳዩኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ለማስረዳት ብለው ነው ደጋግመው የገደሉኝ። ግን ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልኩ፤ ሁለታችን አንድ ላይ በሕይወት የታየንበት አንድም ጊዜ አልነበረም።

አቶ ሚልኬሳ የስሙን ዓምድ ነቅለው ለቀቁት፤ ሠንጠረዡ ተስተካከለ። እኔም ደስ ብሎኝ እልል ልል ስል፣ እርስዎ መነጽርዎን አውልቀው፣ «ፋይሉ ልክ ሊሆን ይችላል፤ እኔ የፈረምኩት ግን የታየውን ነው። የተመታ ማኅተም አይነሣም» አሉኝ። ሙታን በሚነሡበት ቢሮ የማይነሣ ነገር መኖሩን በማወቄ ተጽናናሁ።

አራተኛና የመጨረሻው፤ በተፈረመው መሠረት ባለቤቴ በሕይወት ስላለ፣ ሰኞ ጠዋት እሱ ራሱ ቀርቦ እንዲፈርም አዘዙ። ካልቀረበ ቤቱ ይቀርብናል።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴን ትንሽ ላቁም። ሠንጠረዡ ከመስተካከሉ በፊት በነበሩት ቀናት እኛ መበለቶቹ በቢሮዎ መስኮት በኩል ተሰልፈን ስንቆም፣ አቤት ለማለት የመጣን መስሎዎት ነበር። ባሎቻችንን ልናይ ነበር የምንመጣው። እኔ ኢቲቻን በገዛ እጄ ገንዤዋለሁ፤ መሞቱን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም። ሆኖም ስሙ አጠገብ «በሕይወት ያለ» የሚል ሲበራ፣ በራችን ላይ ሲደርስ ያሰማት የነበረው ሳል መልሳ ተሰማችኝ። አንድ ቀን መብራት ጠፋና ስክሪኑ ጠቆረ፤ መሃሉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ ብቻ ቀርታ ቀስ ብላ ከሰመች። ያን ማታ በሬን ሳልቀረቅር ተኛሁ። ጵርስቅላ፣ «እማ፣ ማን ይመጣል ብለሽ ነው?» ስትለኝ፣ «ተኚ» አልኳት። አንድ ጊዜ የቀበርነውን ሰው መንግሥት አንሥቶ ደጃችን ካቆመብን በኋላ፣ ሁለተኛ እንዴት እንደሚቀበር አላወቅንበትም።

ትእዛዝዎን ግን ፈጽሜያለሁ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ወደ ጋራው ሥር ሄጄ መቃብሩ አጠገብ ቁጭ አልኩና፣ «ኢቲቻ፣ ቀበሌ ይፈልግሃል» አልኩት። በሕይወቱ ከስብሰባ ቀርቶ አያውቅም። ሌሎቹም መበለቶች ለየባሎቻቸው መልእክቱን አድርሰዋል። ሰኞ ጠዋት ሁላችንም እንመጣለን፤ በአግዳሚ ወንበሮችዎ ላይ እንቀመጣለን፣ እያንዳንዳችንም አጠገባችን የአንድ ሰው ቦታ እንተዋለን። ጥበቃው ጠጋ ጠጋ በሉ እንዳይለን አስቀድመው ይንገሩልን፤ ቦታው የተያዘ ነው። እርስዎም ወንበሮቹን እያዩ፣ ማን እንደቀረበና ማን እንደቀረ እዚያው ይወስኑ።

ረጅም ዕድሜ ከማያልቅ ማኅተም ጋር ይስጥዎት እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እጅ የምነሣዎት፣

ጫልቱ ነገሳ
በቀበሌው በር ላይ የሞትኩ፣ በመናኸሪያው በር ላይ ሻይ የምቀዳ

ግልባጭ፦
ለእድራችን ጥሩምባ ነፊ ለከበበ፣ ከመንፋቱ በፊት እንዲያነበው
ለባለቤቴ ለአቶ ኢቲቻ፣ ባለበት

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በር ላይ የተለጠፈውን ወረቀት እስከ ታች አንብበውት እንደሆነ አላውቅም፤ ሥራ ይበዛብዎታል። ከታች ወደ ላይ ሦስተኛው መስመር ላይ አባትዎ አቶ ወልደ ሐዋርያት፣ ነፍሳቸውን ይማረውና፣ በሕይወት አሉ። ከእሳቸው ሥር የተጻፉት እናትዎ እትዬ የሺሃረግ ሞተዋል፤ ፊርማው የእርስዎ ነው። ለእሳቸውም የተነፋውን ጥሩምባ አልጋቸው ላይ ሆነው ሰምተዋል፤ ልጄ ሥራ ላይ ነው፣ አታስቸግሩት ብለው ዝም አሰኙን። ሰኞ ከእኛ ጋር ይመጣሉ። የት ልቀመጥ ሲሉኝ ከጠረጴዛዎ ፊት ለፊት ያለውን ወንበር አሳይቻቸዋለሁ፤ አጠገቡ ያለውን ባዶ ይተውታል።