ጦም ያደረው ተዳፋታችን

ለምወድህ ወንድሜ ለጌለን፤ ካለህበት ይድረስህ።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህን ተሻለህ ወይ? የአላስካ ብርድ በበጋም አይለቅም ሲሉ እሰማለሁ። የላክሁልህን የሱፍ ካልሲ አድርገው፤ ለመርከብ ጓደኞችህ አድለኸው ከሆነ ግን እንዳልሰማ። እኛ ሁላችንም ደህና ነን። ስንዴው በረዶ ሳይመታው ገብቷል። አባባ ሳል እንኳ የላቸውም፤ እንደ ልማዳቸው ይነጫነጫሉ እንጂ።

መንገድ ዳር ያለው ተዳፋት፣ አፈሩ በነፋስ እንዳይሄድ ሣር ለብሶ ጦሙን እንዲያድር መንግሥት ድጎማ የሚከፍለን መሬት፣ ውሉ በዚህ መኸር ያልቃል። ካልታደሰ አባባ እኔው ራሴ አርሰዋለሁ ብለው ምለዋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ ትራክተሩ ሊገለበጥባቸው የነበረ ጊዜ አንተም ነበርህ። ስለዚህ ይታደስ ብዬ የጸለይሁት ለገንዘቡ ብቻ አይደለም።

ውሉ ደግሞ ወፎች ፈልፍለው ጫጩቶቻቸው እስኪበሩ ሣሩን ማጨጃ እንዳይነካው ይከለክላል። የአገራችንን ሰው ታውቀዋለህ፤ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ መኪናውን እያንፏቀቀ የሰው እርሻ ሲያማ ነው የሚውለው። ጎረቤታችን ዴልበርት በቤተ ክርስቲያኑ የጋራ ምሳ ላይ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ አባባን «ቨርሊን፣ ዘንድሮ የምታጭደው ፌንጣ ነው እንዴ?» አላቸው። አባባ የያዙትን ኬክ ሳይጨርሱ አስቀመጡት። ኬክ አስተርፈው ስለማያውቁ ያን ጊዜ ፈራሁ።

ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ በመንገዱ በኩል ያለው ሣር ተላጭቶ አገኘሁት። ትራክተሩ መሃል ላይ ቆሟል፤ አባባ ከፊቱ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ይመለከታሉ። አንዲት ቆቅ እንቁላሏን ታቅፋ አልነሣም ብላቸዋለች። «ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው የገባሁት» አሉኝ። «እቺ ግን እኔንም ማሽኑንም ከምንም አልቆጠረችን።» 

ዝም ብንል እርሻ ቢሮው አያውቅም፤ ሣሩም ቶሎ ያድጋል አልኋቸው። አሻፈረኝ አሉ። ሰኞ ማለዳ ጢማቸውን ተላጭተው እርሻ ቢሮ ሄዱና ለጸሐፊዋ ለረኔ ራሳቸው ተናገሩ። እሷም መጥታ አየችው፤ የታጨደው ቦታ የዘንድሮ ድጎማ ይቀራል፣ ውሉ ይታደስ አይታደስ ግን ገበሬዎቹ የመረጡት ኮሚቴ ይወስናል አለች። ኮሚቴው ውስጥ ማን እንዳለ ገመትህ? ዴልበርት! እንቅልፍ አጥቼ ከረምሁ። ኋላ እንደሰማሁት ግን ዴልበርት ተነሥቶ፣ ሰውየውን በነገር የጠቀጠቅሁት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱን ራሱ መጥቶ የተናገረን ሰው ብንቀጣ ነገ ማን እውነቱን ይነግረናል ብሎ ተሟገተላቸው፤ ኮሚቴውም ይታደስ አለ። እኔም የፖም ኬክ ጋግሬ ላክሁለት፤ ምላሱን ግን ይቅር አላልሁትም።

ትናንት አባባን ለፊርማ ወሰድኋቸው። ረኔ ውሉ ለአሥር ዓመት ይሁን ወይስ ለአሥራ አምስት ብላ ጠየቀቻቸው። ሰማንያ ዓመት ያለፋቸውን ሰው ስትጠይቅ እሷም ትንሽ አፈረች። አባባ መነጽራቸውን አስተካክለው፣ «አሥራ አምስቱን አድርጊው፤ አሥሩ ቶሎ ያልቃል» አሉ።

እማማ ካረፈች ወዲህ ጫማ እንኳ ማን ሊጨርሰው ብለው አልገዙም ነበር፣ ጌለን። መኪናው ውስጥ ገብቼ አለቀስሁ፤ ለቅሶዬ የደስታ ነው።

ለባለቤትህ ለኢንግሪድ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ ትንሹን አክሰልን ጉንጩን ሳምልኝ። ባለቤቴ ሎረን፣ የዓሣውን ወሬ ሳይሆን ዓሣውን ላክልን ይልሃል። ልጄ ቴሳ ናፍቃሃለች። አባባ በጣም ይስሙሃል።

የምትወድህ እህትህ
ማርሊስ

ካንሳስ፣ አባባ ቤት
ጁላይ 29 ቀን 2014