ለአየር የተለኮሰ ሲጋራ

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ አባትሽ ሸለብ ሲያደርገው

ለጩጬዬ፣ ለዓይኔ ማረፊያ፣

እንዴት ነሽልኝ? ትበያለሽ? ወይስ አሁንም ቆመሽ ነው የምትጎርሺው? ስልክ ደውዬ ባወራሽ ይሻለኝ ነበር። ግን «አባትሽ» የሚለውን ቃል ባነሳሁ ቁጥር መስመሩ ይቆረጣል። መስመሩ ይሁን አንቺ፣ ፈጣሪ ይወቀው። ወረቀት ግን ጆሮ ላይ አይዘጋም። ፊደሌ እንደምታውቂው ዶሮ የጫረችው መሬት ነው፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። የአውቶቡሱ ሹፌር ሲመሽ ስለሚነሳ ነገ እጅሽ ያስገባልኛል።

እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ደረጃ ሲያይ ይለግማል። ምላሴ ግን አልታመመችም፤ ጎረቤት ይመስክር።

የታመመው አባትሽ ነው። ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ሳሉ ያ የምታውቂው ሳል አይደለም። ከአልጋው እስከ መስኮቱ ሄዶ ተራራ እንደወጣ ሰው ያለከልካል። ሐኪሙ ሳንባው ላይ የበቀለ ነገር አለ፣ በቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት አለ። «ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ኖሮ» ብሎ ጀመረና ተወው። ሐኪም ደግሞ እንዲህ ማለት ይወዳል፤ አንቺ አታስቢበት።

ጭንቁ የሕክምናው ክፍያ ነው። ዕድሜ ልኩን ከደሞዙ ላይ እየተቆረጠ የሚገባበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሠራተኞች መረዳጃ አለ አይደል? ለዚህ ቀን ነበር። ዘንድሮ ግን መንግሥት ሲጋራ ላይ ቀረጥ ቆለለ፤ ባለሱቋ ፓኮውን እንደ ወርቅ ከጀርባዋ ደበቀችው። መረዳጃውም ያንን አይቶ «ሲጋራ ላመጣው በሽታ አጫሹ ራሱ ይክፈል» የሚል ደንብ አወጣ። የአባትሽ ጉዳይ ዛሬ ጠዋት ፋብሪካው ምሳ ቤት ውስጥ በሠራተኛው ፊት ሊታይ ተጠራን። ለንግግር ትንፋሽ ስለማይበቃው እኔ እናቱ አፉ ሆኜ ሄድኩ። በአፍ ከሆነ ማን ይችለኛል!

ስንገባ የድሮ ጓደኞቹ ሁሉ ጫማቸውን ያያሉ። ሊቀመንበሩ ሚዛኑ ነው። ጥጥ መዛኝ ስለነበር ነው እንዲያ የሚሉት። ከአባትሽ ጋር በአንድ ክብሪት ነበር የሚያጨሱት፤ አሁን ትቶ ከረሜላ ይመጥጣል።

«እማማ» አለኝ፣ «ጥያቄው አጭር ነው። ልጅዎ ያጨሳል ወይስ አያጨስም?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? እሳት ስታቀብለው የኖርከው አንተ!»

ቤቱ ሳቀ። እሱ ግን ከረሜላውን ቆረጠመው።

ከዚያ ነገርኳቸው። ይሄን አንቺም አታውቂውም፣ ስሚኝ። ፈትል ክፍሉ ውስጥ የጥጡ ብናኝ እንደ ጉም ነው የሚንሳፈፈው። እሳት እንዳይነሳ ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። ስለዚህ ካቦው፣ የሠራተኞቹ አለቃ፣ ፊሽካ ይነፋና «አጫሾች ውጡ!» ይላል። አጫሾቹ ከኋላ ካለው ግንብ ሥር ሄደው ነፋስ ያገኛሉ። የማያጨስ ሰው ምን ሊሠራ ይወጣል? እዚያው ቆሞ የወጣውንም ሰው ማሽን ይጠብቃል። አባትሽ ሲቀጠር ሲጋራ በአፉ አልዞረም ነበር። ጥጥ ሲውጥ ከረመ። አንድ ቀን ፊሽካው ሲነፋ አንድ ፍሬ ለምኖ ወጣ። ልጄ አየር ፍለጋ ነው ማጨስ የጀመረው! እንዲህ ያለ ጉድ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?

«ታዲያ» አልኳቸው፣ «ሳንባው ውስጥ ያለው የጥጡ ነው የጭሱ? ለዩና ንገሩኝ! ደግሞ በገዛው ፓኮ ሁሉ ለሐኪም ቤት ነው እየተባለ ቀረጥ ከፍሏል። የማንን ሳል አዳነበት?»

«ቀረጡ የሚገባው መንግሥት ዘንድ ነው እማማ። እኛ ሣጥን ውስጥ አልወደቀም።»

ለዚህ መልስ ሳዘጋጅ ፈትል ክፍል የምትሠራ አንዲት ልጅ እግር ተነሳች።

«እማማ፣ አይቀየሙኝ። እሳቸው ግንቡ ሥር ሲያጨሱ ማሽናቸውን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጥጡንም እኩል ውጬዋለሁ። ልጄ ልቧን ታማ ወረፋ ላይ ናት። ሣጥኑ ለሁለቱ ባይበቃስ?»

ልጅቷ እውነቷን እኮ ነው። አገጯን ቀና አድርጋ ስትናገር አንቺን መሰለችኝ።

ሌላ መላ ባጣ «ያ ፊሽካ ሲነፋ ወጥታችሁ የምታውቁ እጃችሁን አውጡ!» አልኩ። ማንም አላወጣም፤ ያወጣ ሰው ነገ ደንቡ ይይዘዋላ! በመጨረሻ ከወደ ኋላ አንድ እጅ ወጣ፤ ቀጮው መካኒክ። ተመስገን፣ ሰው አገኘሁ አልኩ።

«እኔ ወጥቻለሁ» አለ። «ስንት ዘመን ሲጋራ በከንፈሬ ይዤ ወጥቻለሁ። ግን ለኩሼው አላውቅም። ካቦው ከሩቅ አይለየውም።»

ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ። እኔም ልስቅ ስል ሚዛኑ ጠረጴዛውን መታ።

«ሰማችሁ? ሳይለኩሱም መውጣት ይቻል ነበር!»

ምስክሬ ያልኩት ሰው ይዞኝ ገደል ገባ። ቀጮው ምን እንዳለ ሲገባው ፊቱ አመድ መሰለ። ሊረዳን ነበር እኮ የተነሳው፣ ምስኪን።

እነ ሚዛኑ ተንሾካሾኩና ፍርዱን አመጡ። መረዳጃው ግማሹን ይከፍላል፤ በመብት ሳይሆን በምሕረት። በዚያ ላይ አባትሽ ሰው ፊት ቆሞ «በገዛ እጄ ያመጣሁት ነው» ይበል፤ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን።

ደሜ ፈላ። «ልጄ የእናንተ ማስተማሪያ ነው? ተነስ፣ እንሂድ!» ብዬ ክንዱን ያዝኩት።

ቀስ ብሎ እጄን አስለቀቀኝ። ወንበሩን ተደግፎ ቆመ።

«እማዬ፣ ተይ።» ትንፋሹን እስኪሰበስብ ሁሉም ጠበቀው። «የወጣሁት ለአየር ነው። የለኮስኩት ግን እኔ ነኝ። ጣመኝ። ልጄ ፓኮዬን ዝናብ ላይ ስትወረውርብኝ፣ ለቅሜ ምድጃ ላይ ያደረቅሁት እኔ ነኝ። እዚያ ካቦ አልነበረም።»

ከዚያ ያዘዙትን ቃል አለው። በየቃሉ መሃል እየተነፈሰ። ሚዛኑ ቀና ብሎ አላየውም። ያቺ ልጅ እግር ግን ወንበሯን ይዛ መጥታ ከጉልበቱ ሥር አስጠጋችለት።

ጩጬዬ፣ የሄድሽ ዕለት በሩ ላይ ቆመሽ «ስትታመም እንዳትጠራኝ፣ በገዛ እጅህ ነው!» ብለሽው ነበር። አልፈርድብሽም፤ የዚህ ቤት ጭስ ልጅነትሽን ሙሉ ሲያስልሽ ኖሯል። እንዲያምንልሽ ስትለምኚው የኖርሽውን ቃል ዛሬ አለው። አንቺ ስላልነበርሽ እኔ ሰማሁልሽ። እንዳሰብነው አይጣፍጥም፣ ልጄ።

ስለ ቀሪው ግማሽ አታስቢ፣ ሞልቶልናል። የልብስ ስፌት መኪናዬንም ከስብሰባው ስንመለስ ለጎረቤት ሸጥኳት፤ ድሮም ቦታ ስትይዝብኝ ነበር። ዓይኔ መርፌ ማየት ካቆመ ሰንብቷል።

ነይ አልልሽም፤ ሥራ ይኖርሻል። ዓርብ ጠዋት ነው የሚያስገቡት። ቁልፉ የድሮ ቦታው ነው። አልጋሽንም አንጥፌዋለሁ፤ እንዲያው አቧራ እንዳይጠጣ ብዬ ነው።

ፈጣሪ ትንፋሽሽን ያርዝመው። ደረትሽን ከብርድ፣ ልብሽን ከቂም ይጠብቅልኝ።

ብዕሬን ላስቀምጥ ስል ነቃ። «ለማን ነው የምትጽፊው?» አለኝ።

«ለማንም» አልኩት።

ወደ ግድግዳው ዞረና «ለማንም ከሆነ፣ ሰላም በይልኝ» አለ።

ሰላም ብሎሻል።

አያትሽ፣ ምላሰኛዋ