አርብ አርብ የማይመጣው ተማሪ

ውድ ዋሴ፣

«ውድ» ያልኩህ ደብዳቤ እንዲህ ነው የሚጀመረው ስላሉኝ ነው እንጂ ዘንድሮስ ለኔ ውድ አይደለህም። ጤናህንም አልጠይቅህም፤ በስልክ ስሰማህ ድምፅህ የጠገበ ሰው ድምፅ ነው። ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ የቆጠርኳት ፊደል ላንተ ቁጣ ትበቃለች።

እሁድ ደወልኩልህ። «የሻረግ ነኝ» ስልህ ደስ አለህ፣ እውነቱን ልናገር፣ ሳቅህም። «የልጄ ልጅ ሀይማኖት አንተ በምትዳኘው ውድድር ገብታ ነበር፣ ቁጥሯ አሥራ ሰባት ነው» ስልህ ጊዜ ግን ሳቅህ ቀጥ አለ።

«እቴቴ፣ ዳኛ ከተወዳዳሪ ዘመድ ጋር አይነጋገርም።»

«ላነጋግርህ መች ደወልኩ፤ ልቆጣህ ነው።»

«ሕግ ነው እቴቴ። ቅሬታ ካላት እስከ ሰኞ ሳምንት በጽሑፍ ታስገባ።»

ዘጋኸው። ደግሜ ብደውል አላነሳህም። ጽሑፍ አይደል ያልከው? እንካ ጽሑፍ።

ነገሩ ያልገባት አሮጊት ናት እንዳትል፤ ሀይማኖት ቁጭ አድርጋ አስረድታኛለች። የተማሪ መምጣትና መቅረት የተያዘበትን ቁጥር፣ የልጆቹን ስም ሰርዘው ለሕዝብ ለቀቁት። ክፍት መረጃ ይሉታል። እንደ ወል ግጦሽ ነው፣ የፈለገ ይገባበታል። ከዚያ ተነስቶ ልጆችን የሚያስተምር ነገር በስልክ ለሚሠራ ሽልማት አለ ተባለ። የተለቀቀው ግን የወር ድምር ብቻ ሆነባት። እሷ ደግሞ እዚሁ አርብ ገበያ አስተማሪ አይደለች? የትምህርት ቤቷን የሦስት ዓመት መዝገብ ቀን በቀን ገልብጣ ጨመረችበት። ጨምራ ስታየው አርብ አርብ ግማሹ ልጅ የለም።

እኔ ሳቅኩባት። «አንቺ፣ ለዚህ ኮምፒውተር አስፈለገሽ? አህያው ብቻውን ገበያ ይሂድልሽ?» አልኳት። ከዚያ ያንተን የልጅነት ነገር አጫወትኳት። እሱን ሰምታ ነው «የቅዳሜ ትምህርት» የምትለውን የሠራችው፤ አርብ ያመለጣቸውን ቅዳሜ በስልክ፣ ኔትወርክ ባይኖርም፣ በድምፅ የሚያስተምር። ይጠይቃቸዋል፣ ሲሳሳቱ ሳይቆጣ መልሶ ያስረዳል። የጎረቤታችን የውባንቺ ልጅ ገብስ ስትሸጥ ያመለጣትን ክፍልፋይ በሱ ያዘችው።

አንተስ ምን ብለህ ጻፍክባት? በቃሌ ይዤዋለሁ። «በየሳምንቱ በአንድ ቀን ይህን ያህል ተማሪ ሊቀር አይችልም። መረጃው ለመሣሪያው እንዲመች ተፈብርኳል። ከውድድሩ ይሰረዝ።»

በአስተማሪ ላይ ፈበረከች ብለህ ስትጽፍ ወሬው የት እንደሚደርስ አስበሃል? ርዕሰ መምህሩ ጠርቶ «የትምህርት ቤቱን ስም አጎደፍሽ» አላት። መምህራኑ ሻይ ወደሚጠጡበት ስትገባ ወሬያቸውን ያቆማሉ። ሽልማታችሁን ብሉት። ስሟን ግን መልስ።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። የተወለድክበት ከተማ ስሙ ራሱ አርብ ገበያ ነው፣ ዋሴ። ማን ነበር አባትህ ከሞቱ በኋላ እናትህ ይታይሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ በአህያ ገብስ ጭና የምትልከው? እኔ አልነበርኩም። አንድ አርብ ቀርተህ አታውቅም፣ ከገበያው ማለቴ ነው።

ውድድሩን ስትከፍቱ የተናገርከውን ሀይማኖት በስልኳ አሳይታኛለች። ኮትህን ግጥም አድርገህ፣ «ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ቀርቼ አላውቅም፣ መዝገቤ ይመሰክራል» ትላለህ። ሰው ያጨበጭባል። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች አሉ።

መዝገብህ ለምን እንደሚመሰክርልህ ልንገርህ። ሠላሳ ዓመት በሆዴ ይዤዋለሁ። ስምንተኛ ክፍል ሳለህ መምህር ፍቅሬ «ይህን ያህል የቀረ ልጅ ፈተና አይቀመጥም» አሉ። እናትህ እያለቀሰች ደጄ መጣች። መምህሩ ዘንድ የሄድኩት እኔ ነኝ።

«መምህር፣ ልጁን ቅዳሜ ጠዋት እቤትዎ አመጣዋለሁ። የአርቡን ያስተምሩት።»

«መዝገቡስ የሻረግ? ቀሪ ብዬ ይዤዋለሁ እኮ።»

«መጣ ብለው ይያዙት። ኃጢአቱ በኔ።»

«ያንቺ ኃጢአት ማገዶ አይሆነኝ።»

«ማገዶም አመጣለሁ።»

አመጣሁም። ዓመቱን ሙሉ፣ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር፣ አንድ ሸክም እንጨት በጀርባዬ፣ አንተ ደብተርህን ይዘህ ከፊቴ። መምህሩ ስለወደዱህ የሚያስተምሩህ መስሎህ ነበር። ያንን ሁሉ «መጣ» የፈበረክነው እኔና እሳቸው ነን። ካንተ ጋር አህያ ይነዳ የነበረው ወርቅነህ ፈተና ተከለከለ፣ ዛሬም አህያ ይነዳል። ካንተ ያነሰ ጭንቅላት ስላለው አይደለም፣ እንጨት የሚሸከምለት ስላላገኘ ነው። ውሸቱ ያንተ መዝገብ ነው። ልጅቱ እውነቱን ብትጽፍ፣ በውሸት መዝገብ ያለፈው ሰውዬ ሐሰተኛ አላት።

ረሳሁት አትበለኝ። የአህያ ኮቴ የሰማ ጆሮ አይረሳም። አፍረህበት ነው። ይታይሽ በዚያች አህያ ነው አንተን ሰው ያደረገችህ፣ አንተ ግን ከኮትህ ጋር አልሄድ ብላህ ደበቅሃት።

ማክሰኞ መምህር ፍቅሬ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ሊጠፋ ምንም አልቀረው። ነገሩን ስነግራቸው ወረቀት አምጪ አሉኝ። «ዋሴ አርብ አርብ አይመጣም ነበር። መጣ ብዬ የያዝኩት እኔ ነኝ። ከክፍሉም ግማሹ እንደሱ ነበር» ብለው ጽፈው ፈረሙ። አምጥቼ ለሀይማኖት ሰጠኋት፤ ከቅሬታሽ ጋር አያይዘሽ ላኪው ብዬ። አነበበችውና መልሳ እጄ ላይ አደረገችው።

«እምዬ፣ ይህን ካስገባሁ እሱም ይዋረዳል።»

«ይዋረዳ። አንቺን አላዋረደሽም?»

«እሱ ማን መሆኔን አያውቅም ነበር። እኔ አውቀዋለሁ። እናቱን ሁሉ አጫውተሽኛል።»

«እና ሐሰተኛ ተብለሽ ልትቀመጪ ነው?»

«ራሱ ያስተካክለው።»

ያን ቀን በሷም ተናደድኩ፣ እራቷን ሳላቀርብላት ተኛሁ። እሷ ያንተን ልብ አምና ነው፤ እኔ አላምነውም።

ወረቀቱ ይኸው፣ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ታጥፏል። ሚኒባስ የሚነዳው ደምሌ እጅ በእጅ ይሰጥሃል። ቅጂ የለውም፣ ፎቶም አልተነሳም። መምህር ፍቅሬ ደግመው የሚጽፉበት ዓይን የላቸውም። ሰኞ ከመድረሱ በፊት ለዳኞች ጓደኞችህ ቆመህ ታነበዋለህ፣ ወይም እሳት ውስጥ ትከተዋለህ። ብታቃጥለው ማንም አይሰማም፤ ሀይማኖት አትናገርም፣ እኔም አልከስህም። ግን ለእናትህ ተዝካር ስትመጣ በደጄ አትለፍ፤ በታችኛው መንገድ ዙር። ሰላም ብትለኝ አልመልስልህም፣ ይህን ሰው ሁሉ እያየ ነው የማደርገው።

መልስህን በወሬ ሳይሆን በጽሑፍ የምትጠብቅ፣

የሻረግ
ከአርብ ገበያ