ሦስታችንን በአንድ ሸራ

ጥቅምት 19 ቀን፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ

ውድ ታናሽ እህቴ፣

እንደምን ከረማችሁ? የጉልበትሽስ ነገር እንዴት ሆነ? እኔን ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነበር፤ አሁን ለቆኛል፣ ድምፄ ብቻ እንደ ጎረምሳ ጎርንኖ ቀርቷል። ስልክ እያለ ደብዳቤ መጻፌ ሳይገርምሽ አይቀርም። በስልክ አንቺ «ሁሉም ደህና ነው» ትያለሽ፣ እኔም «ሁሉም ደህና ነው» እላለሁ፣ ከዚያ ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። ስለዚህ ሥራሽን ተይና ቁጭ ብለሽ ይህን አንብቢልኝ። መጨረሻው ላይ የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ ዘለሽ እንዳታይው ደግሞ፣ አውቅሻለሁ።

በመጀመሪያ የሥራዬን ልንገርሽ። የጥርስ ክሊኒኩን ጽዳት ከተውኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አሁን ሠራተኛዋም አለቃዋም እኔው ነኝ፤ አለቃዬ ክፉ ናት፣ እሑድም ታሠራኛለች። የምሠራው አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ነው። መስኮቱ ሥር፣ የተሰቀሉት ካፖርቶች አጠገብ፣ የሸራ ማቆሚያዬንና አንድ በርጩማ የምትይዝ ቦታ ለቀውልኛል። የቀለም ቆርቆሮ መክደን ከረሳሁ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው «አንቺ ልጅ፣ የሰው ሙሽራ ቀለም ቀለም እንዲሸት ነው?» ይሉኛል። አርባ ስምንት ዓመት ሞልቶኝ «አንቺ ልጅ» የሚለኝ ሰው በማግኘቴ ደስ ይለኛል።

የማስታወቂያ ሥዕል ሱቃችን ሲዘጋ ሁለተኛ ብሩሽ አልይዝም ብዬ መማሌን ታስታውሻለሽ። ባለቤቴ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ዋለ፤ እሱን ሳስታምም ደንበኞቼ ወደ ማተሚያ ማሽኑ ሄዱ፤ በመጨረሻ እሱም ላይመለስ ሄደ። ማቆሚያዬን ሳይቀር ሸጬ፣ የስድስት ዓመት ልጄን አንቺ ጉያ ውስጥ ጥዬ ከአገር ወጣሁ። «አንድ ዓመት ብቻ ያዢልኝ» ነበር ያልኩሽ። ይኸው ሰባት ሆነ።

መሐላዬን ያስፈረሰኝ አንድ የአውቶብስ ሹፌር ነው። ካፖርቴን ላስጠብብ ሄጄ ተራ ስጠብቅ የልብስ ሰፊውን ፊት ካርቶን ላይ ነድፌው ነበር፤ እሳቸውም ወስደው ግድግዳው ላይ በመርፌ ሰኩት። ሹፌሩ ያንን አይቶ አፈላልጎ መጣ። «እኔና እናቴ አብረን የተነሳነው ፎቶ የለም። እሷ አርፋለች። አንድ ላይ ልታስቀምጭን ትችያለሽ?» አለኝ፤ የእሷን አንድ ፎቶ፣ የራሱንም አንድ ፎቶ ሰጠኝ። ሦስት ሳምንት ለፋሁበት። በእሷ ፎቶ ብርሃኑ ከቀኝ ነው፣ በእሱ ከግራ፤ ሁለቱንም ወደ አንድ መስኮት መለስኳቸው። የካፖርቱን ቁልፍ እንኳ ቆጥሬ ነው የሣልኩት። ጨርሼ ጨርቁን ስገልጥለት ሹፌሩ «ሙች፣ እናቴ ልጄ መሰለች!» አለ።

ለካ ፎቶው ሠላሳ ዓመቷ ላይ የተነሳችው ነው፤ እሷ ግን ሰማንያ ዓመት ኖራለች! እሱ ደግሞ ሃምሳ አምስት ነው። ሁሉን ሳስተካክል ዕድሜዋን መጠየቅ ረሳሁ። ልብስ ሰፊው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጓዳ ገቡ። እኔ በላብ ተጠመቅሁ።

ምን አደረግሁ መሰለሽ? ሹፌሩን መስኮቱ ሥር አስቀምጬ ከግንባሩ ሽብሽብ፣ ከዓይኑ ሥር ከረጢት እየወሰድኩ ለእናቱ ሰጠኋት። እሱም ተቀምጦ «ስትስቅ ይሄኛው ጉንጯ ገባ ይላል፤ አይ፣ ጸጉሯ እስከ መጨረሻው ጥቁር ነበር፣ ትኮራበት ነበር» እያለ አስረጀልኝ። ሲያልቅ ኮፍያውን አውልቆ ሸራው ፊት ቆመና «እንደምን ዋልሽ» አላት። ልብስ ሰፊውም እኔም ወደ ካፖርቶቹ ዞርን።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ተዳርሶ ሰው ይመጣል። እናቱን ትቶ የመጣ፣ ሚስቱን ትቶ የመጣ፣ ከወንድሙ ተኳርፎ የቀረ፤ ሁሉም ሁለት ሦስት ፎቶ ይዞ «አንድ ላይ አድርጊልን» ይለኛል። ሳቁም አይቀርም። አንዷ የባሏን እህት «ከዳር አድርጊልኝ» አለችኝ፤ በማግስቱ ተመልሳ «ከበሩ ውጭ ብትሆንስ ምን ይመስልሻል?» አለች። አሁን ጥያቄዬን አውቄአለሁ። «ዛሬ ስንት ዓመቱ ነው?» እላለሁ መጀመሪያ። ቀጥሎ «እጁ ማን ላይ ይረፍ?» እላለሁ። ለዚህኛው ቶሎ የሚመልስልኝ ሰው ጥቂት ነው።

ባለፈው ወር ሥራ ቀዝቀዝ ሲል የራሳችንን ጀመርኩ፤ አንቺን፣ እኔን፣ ልጄን ሚጣን። ሚጣን ጭኔ ላይ አስቀመጥኳት፣ የፊት ጥርሷ ወልቆ፣ ያቺን ቢጫ ሹራብ አልብሼ። በሥራው ተደስቼ ሳለሁ ልብስ ሰፊው ከኋላዬ መጥተው ቆሙ።

«አንቺ ልጅ፣ ልጅሽ ስንት ዓመቷ ነው ያልሽኝ?»

«አሥራ ሦስት።»

«ታዲያ ይቺ ማናት?»

ሳቅኩ። ከዚያ ብሩሼን አጥቤ ወደ ቤት ሄድኩ። ሰውን ሁሉ ዕድሜ የምጠይቀው እኔ፣ የገዛ ልጄን ሳልጠይቅ ሰባት ዓመት መቆየቴ ነው። ፎቶ ላኪልኝ ብዬ የነዘነዝኩሽ ለዚህ ነበር።

የላክሽው ፎቶ ደረሰኝ። በሩ ላይ ቆማችኋል። እንዴት ረዘመች እባክሽ! አገጯን ትከሻሽ ላይ ጥላ ዓይኗን ጨፈን አድርጋለች፤ አንቺ ደግሞ ፎቶ እንዳይበላሽብሽ ትንፋሽሽን ውጠሻል። ከዚያ ትከሻ ላይ አንስቼ ወደ እኔ ላመጣት ሞከርኩ። ሙያዬ ነው፣ የስንቱን ሰው አንገት አዙሬአለሁ። ሦስት ጊዜ ነደፍኳት። ከአንቺ ላይ ሳነሳት አንገቷ ይጣመማል፣ የምትወድቅ ትመስላለች። በአራተኛው ቀን እዚያው አንቺ ላይ መለስኳትና እኔን ከጎን ወንበር ላይ አስቀመጥኩ። ልብስ ሰፊው «አንቺ ምነው ራቅሽ?» ቢሉኝ «ቦታ ጠቦኝ ነው» አልኳቸው። ቦታ ግን ነበረ።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው። የሚጣ ወደ እኔ መምጫ ወረቀት አልቋል። ፈቃዱ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆነው፤ እስከ የካቲት መጨረሻ ካልገባች ይሰረዛል። ለአንቺም ጠይቄ ነበር፣ «ለእህት አይሆንም» አሉኝ። መስኮት ያለው ክፍል ተከራይቻለሁ፤ አልጋዋም ተገዝቷል። ልብስ ሰፊው መጋረጃ ልስፋላት ብለው «ምን ቀለም ትወዳለች?» ሲሉኝ አላውቅም ማለት አፍሬ «ሰማያዊ» አልኩ።

አንቺን አውቅሻለሁ። እዚህ ላይ ስትደርሺ እንባሽን በመዳፍሽ ጠርገሽ፣ ተነስተሽ ሻንጣ ታወርጃለሽ። እባክሽ ሻንጣውን ተይው። መጀመሪያ ጠይቂያት። ለብቻዋ፣ ፊቷን እያየሽ፣ «መሄድ ትፈልጊያለሽ ወይ?» በያት። «እናትሽ ስንት መከራ አይታ» እንዳትያት። የአልጋውንም የመጋረጃውንም ነገር አታንሽባት። መጣሁ ካለች፣ ከአንቺ ምን እንደምወስድ ጠንቅቄ አውቃለሁ፤ ሳላውቅ የምወስዳት እንዳይመስልሽ። ያኔ ሁሉን ጻፊልኝ፤ ስትናደድ ዝም ትላለች ወይስ በር ትወረውራለች፣ ሲያማት ማን እጅ ይዞ ይቀመጣል፣ ምን ተብላ ነው የምትቀሰቀሰው። እኔ የማውቀው የስድስት ዓመቷን ነው።

አልሄድም ካለች ደግሞ «ትምህርቷን ትጨርስ ብዬ ነው» ብለሽ አትጻፊልኝ። ማለሳለስ ትወጃለሽ። «እምቢ አለች» ብለሽ ጻፊ። እችለዋለሁ። ቀለሜ አለኝ፣ ማቆሚያዬ አለኝ፣ ልብስ ሰፊውም አሉ።

ልጄን አጥቦና አብልቶ ያሳደገ እጅሽን ፈጣሪ ከድካም ያሳርፈው። ጉልበትሽን ይማርልኝ፣ ጎጆሽን ይሙላልሽ፣ ሁለታችሁንም በያላችሁበት ይጠብቅልኝ።

ታላቅሽ፣ ሰዓሊዋ

ይህንንም ሳልነግርሽ ደብዳቤውን ማሸግ አልቻልኩም። የወረቀቱን ወሬ ሦስት ሳምንት ደብቄ የያዝኩት በሌላ አይደለም። የመጣ ዕለት ልነግራችሁ ደወልኩ፤ ያነሳችው እሷ ነበረች። ከስልኩ ዞር ብላ «እማዬ! ስልክ!» ብላ ጠራችሽ። አንቺ ሮጠሽ መጥተሽ በሹክሹክታ «ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች» አልሻት። ከዚያ እሷ ድምፅዋን አስተካክላ፣ አስተማሪዋን እንደምታናግር ሁሉ «ጤና ይስጥልኝ፣ ደህና ነዎት?» አለችኝ። ልጄ አንቱ አለችኝ፣ እህቴ። ቀናሁብሽ፤ አልዋሽሽም፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀናሁብሽ። አሁን ግን ወጣልኝ። ስለዚህ ከእንግዲህ ስደውል አፏን አትያዢባት። ጮክ ብላ ትጥራሽ፤ ልስማ።