በአንድ ጣሪያ ሥር የሚነበብ ደብዳቤ

ሐሙስ
ደብዳቤውን እኔ እንድጽፍ ተወሰነ። የሰበታ አጥቢያችን ሰብሳቢ ኦቦ ቶሎሳ፣ «ሐዋርያት እንዴት እንደጻፉ የምታስተምሪው አንቺ ነሽ፤ እስቲ አሁን ራስሽ ጻፊ» አሉኝ። ግማሹ ቀልድ ነበር። እሑድ ተፍኪ ባለው ጉባኤያችን ፊት ይነበባል።

ጉዳዩን በግልጽ ላስቀምጥ። በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ በተነሣው ተቃውሞ የአዴ ቦንቱ ልጅ ገመቺስ ታሰረ። በማግስቱ የነጋዴው የአቶ ታደሰ ሱቅ መስኮት በድንጋይ ተሰበረ። ሁሉም የተፍኪ ጉባኤ ሰዎች ናቸው። አሁን ነጋዴዎቹና ወጣቶቹ ሰላም አይባባሉም፤ በየቋንቋቸው ተለያይተው ለማምለክ እየተነጋገሩ ነው። ከዚህ እሑድ ሌላ ዕድል ያለን አይመስለኝም።

ዐርብ
ኢንተርኔት የለም። ረቂቁን በእጄ ጨረስኩ። ሰላምታ፣ ምስጋና፣ ተግሣጽ፣ ልመና፤ ቅደም ተከተሉ የጥንቶቹ ነው። ኦቦ ቶሎሳ ሰምተው «ያምራል» አሉ። ተግሣጽ ያለበት ደብዳቤ «ያምራል» መባሉን አልወደድኩትም።

ቅዳሜ
ረቂቁን ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነው፦ እነዚያ መልእክቶች የተጻፉት ለተሰበሰበ ሰው ጆሮ ነው። ሐዋርያው ሁለት ወገን ላለበት ጉባኤ ሲጽፍ አንዴ ወደ አንዱ፣ አንዴ ወደ ሌላው ዞሮ «እናንተ» ይላል፤ ሌላው እየሰማ።

በእኔ ረቂቅ ግን «እናንተ» የተባሉት ወጣቶቹ ብቻ ናቸው። ስለ መስኮቱ ረጅም አንቀጽ አለ። የገመቺስ እስር «በደረሰው ሁኔታ አዝነናል» በሚል ታልፏል። ማን አዘነ? ማን ሄዶ ጠየቀው? ከነጋዴዎቹ ጎን ቆሜ ፊቴን ወደ ወጣቶቹ ብቻ አዙሬ ስጽፍ እንደነበር ታየኝ።

ተግሣጹን ቀድጄ እንደገና ጻፍኩት። ለነጋዴዎቹ፦ «ወንድማችሁ ሲታሰር በር ዘጋችሁ፤ እናቱን አልጠየቃችሁም።» ለወጣቶቹ፦ «ድንጋዩ ገመቺስን አላስፈታውም።»

ኦቦ ቶሎሳ ፈሩ። «ታደሰ ተነሥቶ ቢወጣስ?»
«ሰምተው ይውጡ» አልኳቸው። እንዲህ መልሼላቸው አላውቅም። የጻፍኩትን ግን አልሰረዝኩም።

እሑድ
ሚኒባስ የለም። ወጣቶቹ መንገዱን በድንጋይ እስከዘጉበት በባጃጅ፣ ከዚያ በእግር ሄድን። ኦሮምኛውን ኦቦ ቶሎሳ አስቀድመው አነበቡ፤ አማርኛውን እኔ አስከተልኩ። ወጣቶቹ አልገቡም፤ በሩ ላይ ቆመው ሰሙ። «በር ዘጋችሁ» የሚለው ላይ ስደርስ አቶ ታደሰ ብድግ አሉ። ሰው ሁሉ ዞሮ አያቸው። እኔ ማንበቤን አላቋረጥኩም። እሳቸውም መልሰው ተቀመጡ።

ሲያበቃ አቶ ታደሰ ወደ እኔ መጡና፣ «መምህርት፣ ስሜን ቢጠሩት ይሻል ነበር» አሉኝ።
«ስም አልጠራሁም።»
«አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ጠራልዎት እኮ!»

ከዚያ አዴ ቦንቱ ወደተቀመጡበት ሄዱ። «ለገመቺስ ስንቅ የሚያስገቡት በየትኛው ቀን ነው?» ሲሏቸው ሰማሁ።
«ረቡዕ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።
«እኔም እመጣለሁ።»

ከበሩ አንዱ ወጣት፣ «መንገዱን ማን ሊከፍትልዎት ነው፣ ጋሼ?» አለ። ጓደኞቹ ሳቁ።
አቶ ታደሰ ዞረው አዩት። «አንተ ነሃ።»

ሳቁ ቆመ። ወጣቱ ግን ከበሩ አልሄደም።